የጠዋት መንገድ፦ ከሰፈር ሰልፍ እስከ ቢሮ በር

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ስምንቱን መርጠናል። ሁሉም የአዲስ አበባን ጠዋት የሚመለከቱ ናቸው፤ የታክሲ ጥበቃ፣ ባቡር፣ የተሰረቀ ስልክ፣ በመስኮት የሚታየው ሰውና ሥራው። ሰዓቱን የጻፍነው በእኛው አቆጣጠር ነው። ታሪፍ ቶሎ ቶሎ ስለሚሻሻል የብር መጠን ውስጥ አልገባንም።

ጥያቄ፦ ከሁለት ወር በፊት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገባን። ሥራዬ ሜክሲኮ ነው፤ 2፡30 መግባት አለብኝ። አንዳንድ ቀን 1፡50 ደርሼ በር ላይ እቆማለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግን ከቤት የወጣሁበት ሰዓት ያው ሆኖ 3 ሰዓት ያልፍብኛል። አለቃዬም ሰበብ መስማት ሰልችቶታል። ስንት ሰዓት ልውጣ? (አንባቢ፣ ከየካ አባዶ)

መልስ፦ መንገድዎ አራት ቁራጭ አለው፤ ከቤት እስከ ሰልፉ፣ የሰፈሩ ሰልፍ፣ ከየካ አባዶ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ። ብዙ ሰው የሚወቅሰው የመኪናውን መጨናነቅ ነው። አንዱን ቀን ከሌላው የሚያራርቀው ግን በአብዛኛው ቆሞ መጠበቁ ነው፤ በሰፈር አንዴ፣ መገናኛ ላይ ሁለተኛ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይለኩት።

ለ10 የሥራ ቀናት በስልክዎ ማስታወሻ ላይ አምስት ሰዓት ይመዝግቡ፦ ከበር የወጡበትን፣ ሰልፍ የያዙበትን፣ ታክሲ ውስጥ የተቀመጡበትን፣ መገናኛ የወረዱበትን፣ ቢሮ የገቡበትን። ከዚያ ከአሥሩ ቀን እጅግ የከፋውን አንዱን ይተዉት፤ የዚያን ቀን አደጋ ወይም የተዘጋ መንገድ ሊኖር ይችላል። ቀጥሎ የከፋውን ቀን ይውሰዱና በእሱ ልክ ይውጡ። ብዙዎች የሚሳሳቱት አማካዩን ወስደው ስለሚወጡ ነው፤ በአማካይ የሚወጣ ሰው ከሁለት ቀን አንዱን ማርፈዱ አይቀርም።

ሰልፉ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ይቁጠሩ። አንድ ሚኒባስ 12 ያህል ሰው ይዞ ይሄዳል። ከፊትዎ ያሉትን ሰዎች ለ12 ያካፍሉ፤ የወጣውን በሁለት ታክሲዎች መካከል ባለው ደቂቃ ያባዙ። 48 ሰው ካለ 4 ታክሲ ያስፈልጋል፤ ታክሲ በየ6 ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ 24 ደቂቃ ይቆማሉ። በመካከላቸው ያለውን ጊዜ ለማወቅ ሦስት ታክሲ እስኪጭን ሰዓትዎን ይያዙ። ከፊት ያለው ሰው ለባልደረባው ቦታ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ከአሥር ሰው ላይ ሁለት ጨምሮ ማሰብ ይሻላል። ሃይገር ወይም ቅጥቅጥ አውቶቡስ ብቅ ካለ ሰልፉ ባንዴ ይሟሟል፤ ግን በእሱ ተማምነው አይውጡ።

ሰልፉ በድንገት ለምን ይረዝማል? ጠዋት ሰዉ ሁሉ ወደ መሃል ከተማ ነው የሚወርደው። ሚኒባሱ ሞልቶ ይሄድና ባዶውን ወይም ጥቂት ሰው ይዞ ይመለሳል። ለምሳሌ 12፡30 ላይ ደርሶ መልሱን በ40 ደቂቃ የጨረሰ መኪና 1፡30 ላይ 80 ደቂቃ ቢፈጅበት፣ ያው መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያነሳው ሰው በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ደግሞ ተማሪው፣ የባንኩ ሠራተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ይወጣል። መኪናው ሳይቀንስ ሰልፉ እጥፍ ድርብ የሚሆነው በዚህ ነው። ዘግይቶ የወጣ ሰው 20 ደቂቃ ብቻ አተርፋለሁ ብሎ ያስባል፤ ያተረፈውን ሰልፉ ከነወለዱ ይወስድበታል።

ለክተው እስኪጨርሱ ድረስ 12፡15 ላይ ይውጡ። ዓላማው 1 ሰዓት ሳይሞላ የሰፈሩን ሰልፍ ማለፍ ነው። ሰልፉ ላይ ሲደርሱ በሂሳብዎ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚያስጠብቅ ሆኖ ካገኙት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ወደ ኋላ፣ ታክሲው ወደሚዞርበት ሄዶ መሳፈር ነው፤ መሃል ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው የሚያገኘው ሞልቶ የሚያልፈውን ነው። ተመላሹ ታክሲ ላይ ከመዞሩ በፊት ተሳፍረው እዚያው የሚቀመጡም አሉ፤ ይህን ካደረጉ የሁለቱንም መንገድ ሂሳብ እንደሚጠየቁ ይወቁ። ሁለተኛው ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄድ ታክሲ ይዞ ባቡሩን ከመገናኛ በፊት፣ ለምሳሌ በሲኤምሲ ወይም በጉርድ ሾላ በኩል መያዝ ነው። ባቡሩ አያት ተነስቶ ስለሚመጣ ወደ መገናኛ በቀረበ ቁጥር እየሞላ ይሄዳል፤ ቀደም ብሎ መሳፈር ጥቅሙ ይህ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሱን አይርሱ፤ መታወቂያ አሳይቶ በነፃ ነው። ሰዓቱን አክባሪ ስለሆነ ግን አንዴ ካመለጠ አመለጠ ነው። ከ5 ደቂቃ በፊት ፌርማታው ላይ ይገኙ።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ቀን አደጋም ዝናብም ሳይኖር መንገዱ ጭራሽ አይላወስም። ቀድሞ ማወቅ ይቻላል? (አንባቢ፣ ከገርጂ)

መልስ፦ ግማሹን ያህል ይቻላል፤ የግድግዳ ካላንደር ይበቃል። መጀመሪያ የወሩን ቀን ይዩ። በ5 ሳሪስ አቦ፣ በ12 ሲኤምሲ ሚካኤል፣ በ19 ጎፋ ገብርኤል፣ በ22 ኡራኤል፣ በ23 ፒያሳ ጊዮርጊስ፣ በ27 ቦሌ መድኃኔዓለም ደጅ ነጠላ ያጣፋ ሰው ከንጋት ጀምሮ መንገድ ያቋርጣል፤ ጧፍና ዕጣን የሚሸጡ ልጆች የእግረኛውን መንገድ ይይዛሉ፤ አሽከርካሪውም ቆም ብሎ ይሳለማል። ወርኃዊው ቀን የሚያዘገየው ጥቂት ነው። ዓመታዊው ሲሆን ግን ታቦት ስለሚወጣ መንገዱ ራሱ ይዘጋል፦ ኅዳር 12 እና ሰኔ 12 ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤል፣ ጥር 22 ኡራኤል፣ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት፣ ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ። በእነዚህ ቀናት በደብሩ በር የሚያልፈውን መስመር ትተው በሌላ ይሂዱ።

ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ካላንደር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ጠዋቱ ይቀላል። መስከረም ላይ ተማሪው ሲመለስ በክረምት የለመዱት መውጫ ሰዓት አይሠራም፤ በየዓመቱ በመስከረም ብዙ ሰው የሚያረፍደው ይህን ረስቶ ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ፣ በእኛ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት መጀመሪያ ይውላል። እንግዶች ሲያልፉ የቦሌ መንገድና የሜክሲኮ፣ ሳር ቤት አካባቢ ይዘጋጋል። ፖሊስ የሚዘጉትን መንገዶች ቀድሞ ስለሚያስታውቅ የዋዜማውን ዜና መስማት ነው። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ገበያ ያለበት መንገድ ሁሉ ከጠዋቱ በበግና በዶሮ ይሞላል፤ በሾላ ገበያ በኩል መሄድ ያኔ አይመከርም።

ጥያቄ፦ ከ18 ዓመት በኋላ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥቼ ለሁለት ወር እዚሁ እየሠራሁ ነው። በታክሲ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ረዳቱ የሚለው ግማሹ አይገባኝም። ሁለት ጊዜ ደግሞ ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። (አንባቢ፣ ለጊዜው ከቦሌ)

መልስ፦ እንኳን በሰላም መጡ። ጥቂት ቃላት ይበቃሉ። «የሞላ!» ማለት አንድ ሁለት ሰው ብቻ ነው የጎደለው፣ ወዲያው እንነሳለን ማለት ነው። «ጠጋ በሉ» ሲባል ቦታ ይልቀቁ። «ትርፍ» ከወንበር ቁጥር በላይ የሚጫን ሰው ነው፤ ክልክል ነው፣ አደጋ ቢደርስም ከሁሉ በፊት የሚጎዳው እሱ ነው። «ሂሳብ» ሲል ይክፈሉ። ለመውረድ «ወራጅ አለ» ይበሉ፤ ፌርማታው ከመድረሱ ከ50 እስከ 100 ሜትር ቀደም ብሎ፣ ረዳቱ እንዲሰማ ጮክ ተደርጎ። ከኋላ ወንበር በለሆሳስ የተባለ «ወራጅ» አንድ ፌርማታ ያሳልፋል። ሰው ወርዶ ሲያበቃ ረዳቱ «ሳበው» ይላል፤ ሹፌሩ የሚነሳው ያንን ሰምቶ ስለሆነ እግርዎ መሬት ሳይረግጥ «ሳበው» ካለ ድምፅ ያሰሙ። ረዳት ማለት ጨዋው ቃል ነው፤ ወያላ የሚለውን ራሳቸው እርስ በርስ ቢጠቀሙበትም ከተሳፋሪ አፍ ሲወጣ ደስ አይላቸውም።

ሁለት ጊዜ ያስከፈልዎት ማቆራረጥ የሚባለው ነው። የሚኒባስ ታሪፍ በርቀት እርከን የተሠራ ነው፤ እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ እስከ 5፣ ከዚያ እስከ 7.5 እያለ ይወጣል። ረጅሙን መስመር ሁለት አጭር አድርጎ የሚጭን መኪና ሁለት ጊዜ የመጀመሪያውን እርከን ይሰበስባል፤ ይህ ከአንዱ ረጅም ጉዞ ይበልጣል። የሚያጋጥመውም በብዛት ጠዋት 1 ሰዓት ካለፈ በኋላና ማታ ነው፤ ሰው ሲቸገር። ከመግባትዎ በፊት ጣሪያው ላይ ያለውን ታፔላ ያንብቡ፤ መነሻና መድረሻው እዚያ ተጽፏል። ረዳቱ የሚጠራው ሰፈር ከታፔላው የሚያንስ ከሆነ «እስከ መጨረሻው ነው?» ብለው በሩ ላይ ይጠይቁ። ከገቡ በኋላ መከራከር አያዋጣም። አቤት ለማለት ከፈለጉ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይዘው ለተራ አስከባሪው ሳይሆን ለትራፊክ ፖሊስ ወይም ለትራንስፖርት ተቆጣጣሪ ይንገሩ፤ የተራ አስከባሪው ሥራ ወረፋ ማስያዝ ነው።

ዝርዝር ገንዘብ ከማታው ያዘጋጁ። የመጀመሪያው ተሳፋሪ 200 ብር ሲሰጥ ረዳቱ መልስ የለውም፤ ለሁለት ሰው አንድ ኖት ሰጥቶ «ተካፈሉ» የሚለው ያኔ ነው፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ሱቅ ፈልጎ ለመዘርዘር 10 ደቂቃ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ከአያት ወደ ሜክሲኮ በባቡር ሄድኩ። ማታ ስመለስ ግን ቃሊቲ መንገድ ላይ ራሴን አገኘሁት። ምን ተሳሳትኩ? (አንባቢ፣ ከአያት)

መልስ፦ የባቡሩ አገልግሎት ከጀመረበት ከመስከረም 2008 ወዲህ በብዙ ሰው ላይ የደረሰ ነው። ሁለት መስመር አለ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄደው። ሁለቱ ከልደታ እስከ ስታዲየም ባለው መሃል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ልደታ፣ ተግባረዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃርና ስታዲየም ላይ ሁለቱም ይቆማሉ። እርስዎ ሜክሲኮ ላይ መጀመሪያ በመጣው ገብተዋል። ፊቱ ላይ ያለውን መድረሻ አንብበው ይግቡ፤ ካልታየዎት ሰው ይጠይቁ። ተሳስተው ከገቡ የሚያውቁት ከስታዲየም ቀጥሎ ባለው ጣቢያ ነው፤ እስጢፋኖስ ከተባለ ትክክል ነዎት፣ መሿለኪያ ከተባለ እዚያው ወርደው በተቃራኒው ወደ ስታዲየም ይመለሱ። ወደ ምዕራብ ለሚሄድም እንዲሁ ነው፤ ከልደታ በኋላ ኮካኮላ ከመጣ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ዳርማር ከመጣ ወደ መርካቶ አቅጣጫ ነው።

ትኬቱን ከመሳፈርዎ በፊት ይቁረጡ፣ እስከሚወርዱበትም ይያዙት። ሩቅ የሚሄድ ሰው በር ላይ ባይቆም ጥሩ ነው፤ በየጣቢያው እየተገፋ ይወርዳል፣ ይገባል። ከመውረጃዎ ሁለት ጣቢያ ሲቀር ግን ወደ በሩ መጠጋት ይጀምሩ፤ ጠዋት ከመሃል እስከ በር መድረስ ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። መለዋወጫ ጠፍቶ ብዙ ባቡሮች ስለቆሙ በሁለት ባቡሮች መካከል ያለው ጥበቃ የሚረዝምበት ጊዜ አለ። ጣቢያዎቹ 39፣ መንገዱ 34 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ በሁለት ጣቢያ መካከል ያለው ርቀት በአማካይ ከ1 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። መውረጃዎ አንድ ወይም ሁለት ጣቢያ ብቻ ከሆነ ከመጠበቅ በእግር መሄድ ይቀድማል፤ 1 ኪሎ ሜትር በደህና እርምጃ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬን ከታክሲ መስኮት ላይ ነጠቁኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (አንባቢ፣ ከጦር ኃይሎች)

መልስ፦ ነጠቃው የሚሆነው መኪናው ሲቆም ወይም ሊነሳ ሲል፣ መስኮቱ ተከፍቶ ስልኩ በመስኮቱ በኩል ባለው እጅ ሲያዝ ነው። በመስኮት በኩል ከተቀመጡ መብራት ላይ ሲቆም ስልኩን ወደ ጭን ያውርዱ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ደግሞ ለኪስ አውላቂ ይመቻል፤ ሰው ሲገፋፋ ቦርሳዎን ወደ ፊት ያዙሩ። ሰልፍ በፈረሰበት ቦታ በር ላይ ያለ ምክንያት የሚገፋ፣ ሞላ ሲባል ሳይሳፈር የሚቀር ሰው ካዩ ይጠንቀቁት። ልብስዎ ላይ ቆሻሻ ነክቶዎታል ብሎ ሊጠርግልዎ የሚጠጋ ሰው ካለ ኪስዎን ይዘው ራቅ ይበሉ።

ከተሰረቀ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በሰው ስልክ 994 ደውለው ሲም ካርዱን ያዘጉ፤ ቴሌብር ካለዎት 127 ደውለው ሂሳቡን ያስቆልፉ፤ የባንክ መተግበሪያ ካለ ለባንኩ ያሳውቁ፤ ከዚያ ቅርብ ያለው ፖሊስ ጣቢያ። ገንዘቡ ከስልኩ በፊት መዳን አለበት። ፖሊስ የስልኩን መለያ ቁጥር ይጠይቅዎታል። ስልክ ያልተሰረቀባችሁ ሁሉ ይህን አሁኑኑ አድርጉ፦ *#06# ስትጫኑ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። የጠዋቱን መንገድ ተመልክታችሁ አምስት ገጽ ጻፉ ተባልን። ከጀሞ እስከ ስድስት ኪሎ ስሄድ የማየው ያው ሰውና ያው መኪና ነው። ምን ልይ? እንዴትስ ልያዘው? (ተማሪ፣ ከጀሞ)

መልስ፦ ያው ነው ያልሽው ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለማየት ስለሞከርሽ ነው። በቀን አንድ ነገር ብቻ ያዢ። አንድ ቀን እጅ፣ አንድ ቀን እግር፣ አንድ ቀን ድምፅ፣ አንድ ቀን አንድ ፌርማታ።

በእጅ ጀምሪ። «ሂሳብ» ሲባል ከኋላ ወንበር ያለው ገንዘብ በስንት ሰው እጅ አልፎ ረዳቱ ዘንድ እንደሚደርስ ቁጠሪ፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል፣ በመካከል የሚያስቀር የለም። ማን ቀድሞ ይከፍላል? ማን እስኪጠየቅ ይጠብቃል? ጋቢና የተቀመጠ ሰው ከኋላ የሚያውቀው ሰው ሲገባ አይቶ ሂሳቡን ዝም ብሎ ይከፍልለታል፤ ተከፋዩ የሚያውቀው ብሩን ሲዘረጋ ረዳቱ «ተከፍሏል» ሲለው ነው። ከዚያ አንገት ማስገግ፣ ማን ነው ብሎ መፈለግ፣ «ምነው በማርያም!» መባባል አለ። ይህን አንዷን ክስተት በትክክል ብትጽፊያት አንድ ገጽ ትሞላለች።

እግር። በክረምት ጫማ የሰፈር ምስክር ነው። ከከተማዋ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ፣ ከቃሊቲ ወይም ከኮዬ ፈጬ በኩል የሚመጣ ሰው ጫማ ላይ የሚጣበቀው ጥቁር ዋልካ ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ በኩል የሚወርደው ደግሞ ቀይ አፈር ይዞ ይመጣል። ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ በሸበጥ የሚሄድም አለ፤ ቢሮ በር ላይ ይቀይራል። ሊስትሮው አጠገብ 10 ደቂቃ ቁሚና የሚመጣውን ጭቃ ቀለም ጻፊ።

ድምፅ። 3 ደቂቃ ዓይንሽን ጨፍኚ። የረዳቱ ጥሪ ዜማ አለው፤ የሰፈሩን ስም ሦስት አራቴ አከታትሎ የመጨረሻውን ይጎትታል። የሬዲዮ ጣቢያውን ሹፌሩ ነው የሚመርጠው፤ ሸገር 102.1 ነው ወይስ ፋና 98.1፣ ዜና ሲጀምር ድምፁን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ተሳፋሪው በምን ዜና ላይ አፍ ያወጣል?

ፌርማታው ላይ ደግሞ ሰዓትን ተከተይ። ሜክሲኮን ብትመርጪ ይመችሻል፤ መንገድሽ ላይ ነው። 12 ሰዓት ላይ ጎዳና ጠራጊዎች ሥራቸውን እያገባደዱ ነው፣ የሌሊት ጥበቃዎች ፈረቃ ይቀያየራሉ። 12፡30 ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ይበዛሉ። 1 ሰዓት አካባቢ አካፋና መሮ የያዙ የቀን ሠራተኞች። 1፡30 ላይ የቢሮ ጫማ። 2 ሰዓት ሲሆን ጀበና ቡና የምታፈላዋ ሴት ከሰሏን አቀጣጥላ ሲኒዎቿን ረከቦቱ ላይ ደርድራለች፤ ስንት ሲኒ፣ ስንት በርጩማ፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ማን እንደሆነ ጻፊ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ ሻይ ቤቱ የሚያቀርበው ይለያያል፤ ሰኞ ያየሽውን ከረቡዕ ጋር አስተያዪ። 2፡30 ካለፈ በኋላ ፌርማታው ባዶ ሲሆን የሚቀረውን ሰው እይ። ሎተሪ አዟሪው፣ ሱቅ በደረቴው ልጅ፣ ተራ አስከባሪው የሚያወሩት ያኔ ነው።

አያያዙን በተመለከተ፦ መዳፍ የምታክል ደብተርና እርሳስ ይበቃሻል፤ ታክሲ ሲንገጫገጭ እርሳስ ይሻላል። በጉዞ ላይ ቃልና ቁጥር ብቻ ጻፊ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይሆንም። ስትወርጂ በ15 ደቂቃ ውስጥ ተቀምጠሽ ዘርዝሪው፤ ከሰዓት በኋላ ከተውሽው ሰው የተናገረውን በራስሽ ቃል ትቀይሪዋለሽ። «ግርግር»፣ «ትርምስ»፣ «ወከባ» የሚሉትን ቃላት ከረቂቅሽ አውጫቸው። በየቦታው የተጻፉ ስለሆኑ አንባቢ ምንም አያይባቸውም። በምትካቸው ቁጥር አስገቢ፤ በአንድ በር ስንት ሰው ሲጋፋ፣ ስንቱ ሲገባ፣ ስንቱ ሲቀር። አምስት ቀን አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ካየሽ በስድስተኛው ቀን የተለየው ነገር ራሱ ይታይሻል።

የሰው ፊት ያለ ፈቃድ ፎቶ አታንሺ፤ በተለይ ሕፃናትንና የሚለምኑ ሰዎችን። የመንግሥት ተቋምና የጸጥታ ኃይል ባለበት ካሜራ ማውጣት ያስጠይቃል። ሊስትሮውን ወይም ቡና የምታፈላዋን ማነጋገር ካማረሽ ሥራቸውን ሳታስፈቺ፣ ጫማሽን እያስጠረግሽ ወይም ቡናሽን እየጠጣሽ ጠይቂ። የተማሪ ሥራ እንደሆነም ንገሪያቸው፤ ጊዜያቸው እንጀራቸው ነው።

ጥያቄ፦ እናቴን ወር በወር ለሐኪም ክትትል ጠዋት ይዤ እወጣለሁ። ጉልበቷ ያማታል። ሰልፉን እንዴት ላድርግ? (አንባቢ፣ ከላፍቶ)

መልስ፦ ሰልፉን ይለፉትና እናትዎን ይዘው በቀጥታ ፊት ወዳለው ተራ አስከባሪ ይሂዱ። «እናታችን ናቸው፣ ያሳልፉን» ማለት ይበቃል፤ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያዘለች እናት ማሳለፍ የሰልፉ ወግ ነው። ከእሳቸው ጋር የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ግን ሰዉ በደስታ ይለቃል። ብዙ ሰው ክብር መስሎት አዛውንትን ጋቢና ያስገባል። የሚኒባሱ ጋቢና እርምጃው ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳል። በተንሸራታቹ በር ገብቶ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ይሻላል፤ እርስዎ ከታች ክንዳቸውን ይያዙ፣ ሲወርዱ ደግሞ ቀድመው እርስዎ ይውረዱ። ጋቢናው አንድ ጥቅም አለው፤ ሞተሩ ከወንበሩ ስር ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ እግር ያሞቃል። ከተቻለ የቀጠሮውን ሰዓት ከ4 ሰዓት በኋላ እንዲያደርጉላችሁ ይጠይቁ፤ ያኔ ወንበር አለ።

ጥያቄ፦ በክረምት ቢሮ ስደርስ ጫማዬ ለእይታ አይመችም። ሊስትሮ ጋ ብቆም ደግሞ አረፍዳለሁ። (አንባቢ፣ ከአስኮ)

መልስ፦ ሊስትሮው የሚያዘገየው ጭቃው ሳይደርቅ ስለሚደርሱ ነው። የቆዳ ጫማ በትክክል ሲሠራ ጭቃው ይፋቃል፣ በሳሙና ውኃ ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ በብሩሽ ይቦረሻል፣ በመጨረሻ በጨርቅ ይወለወላል። እርጥብ ቆዳ ላይ ቀለም ከተቀባ ከሰዓት በኋላ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ስለዚህ ቸኩለው «ቶሎ ቀባው» አይበሉ። ከቤት እስከ አስፋልት በቦቲ ወይም በአሮጌ ጫማ ይሂዱ፣ የቢሮውን በፌስታል ይያዙ። አለዚያም ከማታው ቀለም ተቀብቶ ያደረ ጫማ ጭቃ ብዙ አይዘውም፤ ጠዋት እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል። ጃንጥላውን ታክሲ ውስጥ ጭንዎ ላይ ሳይሆን በእግርዎ መካከል አቁመው ይያዙት፤ ሲወርዱ የሚረሳው ወንበር ስር የገባው ነው።